በአበባ የተሸፈነው የወንድ ጫማ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

እዚህ ውጭ አገር እግሬን ቢያመኝ፣ አንድ የእግር ሐኪም እኔንና የኔን ሰውዬ የመስታወት ወለል ላይ አስኬደንና አረጋገጣችንን በኮምፒውተር አሳየን። «እማማ፣ የሴት የእግር ጅማት ከወንዱ የላላ ነው፤ ሲረግጡ እግርዎ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ሕመሙም ከዚያ ነው። ደገፍ የሚያደርግ የሴት ጫማ ይግዙ» አለኝ። ሰውዬው ደስ አለው። «ድሮም አካሄዷ ጠማማ ነው ብያለሁ!»

ታች ካለው ጫማ ቤት ሻጯ ያመጣችልኝ የሴት ጫማ ጣቶቼን ጨመቀኝ፣ ከተረከዜ ደግሞ ወለቀ።

«ልጄ፣ ይሄ በማን እግር ልክ ነው የተሠራው?»

«በወንድ ነው እማማ፤ ያሳንሱትና አበባ ይለጥፉበታል» አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር። ያን ሁሉ መሣሪያ ደርድረው የደረሱበት አበባ መለጠፍ ነው!

አበባውን ትቼ ሰፊውን የወንድ ጫማ ገዛሁ፣ ተረከዙ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት። ስንወጣ ሰውዬው አገር ቤት እንደሚያደርገው ከፊት ከፊት እየሄደ «ፍጠኚ እንጂ!» ይለኛል። እግሬስ ዛሬ አላመመኝም። ግን አግዳሚ ወንበር አግኝቼ ቁጭ ብዬ ይህን ፖስት ካርድ እጽፍልሻለሁ፤ እሱ ማዶ ቆሞ ይጠብቅ።

ፊደሌ ሰፊ ስለሆነ ካርዱ አለቀ። ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አሁን ደግሞ ሰውዬው እጁን እያወዛወዘ ነው። እስኪ አድራሻሽን ቀስ ብዬ፣ አሳምሬ ልጻፍ።