በወንድማችን ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ስጭን

ይድረስ ለእታለም፤ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ፣ የሌሊት ፈረቃውስ እንዴት ያደርግሻል? እኛ ከጎደለብን ሰው በቀር አለን። እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ አባዬ ግን ዛሬም ደጅ ተቀምጦ መንገዱን እያየ ነው የሚውለው።

የምጽፍልሽ፣ በስልክ ልነግርሽ እየደወልኩ ሌላ ወሬ አውርቼ ስለምዘጋ ነው። ያን ወንድማችን ጌም የሚጫወትበትን ከባድ ላፕቶፕ ታውቂዋለሽ። በመኪና አደጋ ካረፈ ወዲህ ተዘግቶ ነበር፤ እኔ የንድፍ ሥልጠናዬን ልማርበት ብዬ ከፈትኩት። ዊንዶውሱ አርጅቶ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጎረቤታችን ኮምፒውተር ጠጋኙ በዊንዶውሱ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ብትጭንበት ነፍስ ይዘራል አለኝ።

ሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የትኛውን በሚለው ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። እሱ ኡቡንቱ ይላል፣ እኔ በዚህ አነስተኛ ራም ይከብደዋል እላለሁ። ለጌም የተሠራ ነው የተባለውን ከፍላሽ ብሞክረው ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አልስማማ ብሎ ስክሪኑ ጠቆረ። ሚንት የሚባለው ቀለል ያለው ግን ብድግ አለ፤ ድምፁም ዋይፋዩም ሠራ። ከቀብሩ ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ፎቶዎቹንና ሰነዶቹን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። የጌሙን ፎልደር ግን ጌም ለማን ይጠቅማል ብዬ ተውኩት። ጠጋኙ ነገ ሁሉንም የምትገለብጥበት ትርፍ ዲስክ አመጣልሃለሁ፣ ቆይ ብሎኝ ነበር፤ አልቆየሁም። መጫኛው ከዊንዶውሱ ጎን ልቀመጥ ወይስ ሁሉንም ላጥፋ ሲለኝ፣ አጥፋ አልኩት።

በማግስቱ እማዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲጫወት ድምፁን ይቀዳ ነበር፣ እየሳቀ የሚያወራበትን አንዱን እስቲ ክፈትልኝ አለችኝ። እታለም፣ ቅጂዎቹ በሙሉ እዚያ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አላስቀረሁም። ጠጋኙ ሁለት ቀን ደክሞ ምንም አላገኘም። የወንድማችን ስልክም በአደጋው አብሮት ደቅቋል።

ለእማዬ እያስተካከልኩት ነው ብዬ ዋሽቻታለሁ። እሱ የላከልሽ የድምፅ መልእክት ካለ፣ ስድብም ቢሆን፣ እባክሽ ላኪልኝ። ተኳርፋችሁ እንደነበር አውቃለሁ። አጥፍተሽው ከሆነም በምን አፌ እወቅስሻለሁ። ብቻ ቁርጡን ንገሪኝ፤ እኔም ለእሷ ቁርጡን ልንገራት።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ትልቁን ልጅ እቀፊልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባዬ ሰላም ብሎሻል። እማዬ ደግሞ፣ ላፕቶፑ ሲስተካከል ደውለንላት የወንድሟን ድምፅ አብረን እንሰማለን በላት ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤት፣ ጥር ፲፱ ቀን