የብየዳው ጥፋት

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 7 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ለጦቢያ
አርባ ምንጭ

የእኔ እመቤት፣ የአርባ ምንጭ ሙቀትና ትንኝ እንዴት ይዘውሻል? ተማሪዎችሽስ ፈተና ጨረሱ? እናትሽ ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት፤ ሰላምታዋ ይድረስሽ። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ከግንቦት ስምንት ወዲህ የበላሁት ሁሉ አልረጋ እያለ ያቅለሸልሸኛል። ሐኪም ቤት አልሄድኩም። በሽታዬን አውቀዋለሁ።

በስልክ እንዳልነግርሽ ታቋርጪኛለሽ። ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ የቺፗን አራተኛ እግር ደግመህ በይዳት ብዬህ ነበር እኮ» ብለሽ ስትቆጪኝ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ደብዳቤ ግን እስኪያልቅ ድረስ ይናገራል። የሰፈራችን ፍቅሬ ረቡዕ አውቶቡሱን ይዞ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ጨርሰሽ አንብቢውና ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

ያንን ዕቃ እንዴት እንደሠራነው ለአንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ቢሆንም ማን ምን እንዳለ እንድታስታውሺልኝ እፈልጋለሁ። ለፋሲካ መጥተሽ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠሻል። ሰው ሁሉ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እየገዛ አሮጌውን ደጄ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ እኔም እንደ ቆሻሻ ጠባቂ መሀላቸው እውላለሁ። «አባዬ፣ እነዚህን ቀፎዎች በሙዚቃ እናስጨፍራቸው» ያልሽው አንቺ ነሽ። ከአንዱ ስክሪኑን፣ ከሌላው ሽቦውን፣ ከሌላው ሣጥኑን ወሰድን። ከደምበል ጀርባ ሄደሽ የገዛሽው አንዲት ቺፕ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከጥራጊ የወጣ ነው። እጮኛሽ ኢያቄም ኦርጋኑን ተሸክሞ መጣ። ወፍራሙን ድምፅ ሲጫን ቀይ ክብ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ ቀጭኑን ሲጫን አረንጓዴ መስመር ወደ ላይ ተተኮሰ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋ ምስል ስመልስ የኖርኩት የሌላ ሰው ምስል ነው። የራሴን ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ።

ያኔ ኢያቄም «ጋሼ፣ ለምን በማይክ አናደርገውም? ማለቴ፣ ማይኩ ድምፁን ይስማ፣ ምስሉ ይንቀሳቀስ፣ በቃ» አለ። እምቢ አልሽ። በማይክ ከሆነ ሰካራም ባስነጠሰ ቁጥር ምስሉ ይዘላል፤ ከኦርጋኑ ጀርባ ካለችው ቀዳዳ እንውሰደው፣ እሷ የተጫነውን ቁልፍ ብቻ ነው የምትናገረው አልሽው። እሱ የማይኩን ነገር ሁለቴ ደጋግሞ አነሳና ተወው። እኔ ልጄ ምን ያህል ብልህ እንደሆነች እያሰብኩ ስለነበር ፊቱ ለምን እንደጠቆረ አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ግንቦት ስምንቱ፣ ወደ ልደት ሰርግ ልምጣ። የጎረቤት ልጅ ናትና ዕቃችንን መጀመሪያ ለእሷ እናድርገው ብለሽ የወሰንሽው አንቺው ነሽ። አዳራሹ ከኦሎምፒያ ገባ ብሎ ነው፣ ሰዓቱም ምሳ ሰዓት። ኢያቄም ከሚሠራበት ከካዛንቺሱ ጭፈራ ቤት አስፈቅዶ ብቻውን ሊጫወት መጣ። ቴሌቪዥኑን ከኦርጋኑ ፊት ለፊት፣ ስክሪኑን ወደ ታዳሚው አዙሬ አቆምኩት፤ ስለዚህ ሰው ምስሉን ሲያይ ኢያቄም የሚያየው የሣጥኑን ጀርባ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ በእጁ ተጫወተ። ክቡ ከጣቱ ጋር ሲፈነዳ ሕፃናቱ ምሳቸውን ትተው ስክሪኑ ሥር ተኮለኮሉ። የልደት አባት መጥቶ አቀፈኝና «ገብሬ፣ ይኼን ሁሉ ተንኮል የት ደብቀኸው ነበር?» አለኝ። እኔም ያለወትሮዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ጭፈራው ሞቀ። ዘፈኑ ቀጠለ፣ ከበሮው ቀጠለ፣ ምስሉ ግን ድርግም አለ።

ሮጬ ወደ ጀርባ ሄድኩ። መብራቱ አለ። ገመዱ እንደተሰካ ነው። አራተኛዋ እግር፣ ያቺ የምታሚያት፣ እንደ አለት ይዛለች። ቀና ብዬ ኢያቄምን ሳየው ጣቶቹ ቁልፎቹን ይዳብሳሉ እንጂ አይጫኑም። አይኖቹን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ላቡን እያንጠባጠበ ይዳብሳል። ዘፈኑ የሚመጣው ድምፅ ማጉያው ላይ ከተሰካች ጣት ከማታህል ፍላሽ ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እጄን ዘርግቼ አንዱን ቁልፍ ራሴ ተጫንኩት። ከዘፈኑ ጋር የማይገናኝ ድምፅ ጥ አለ፤ ሕፃናቱም «በራ! በራ!» ብለው ጮኹ። እጄን ሳነሳ ምስሉ ጠፋ።

ኢያቄም አይኑን ገለጠና አየኝ። ያየሁትን እንዳየሁ አወቀ። ከዚያ ማይኩን አንስቶ «ይቅርታ ወገን፣ የጋሼ ቴሌቪዥን ደክሟታል፣ ጡረታ እናወጣታለን» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የልደት አባት «ምን ሆነ ገብሬ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ብየዳው ላልቶ ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። በሰው ድግስ መሀል፣ የልጄን እጮኛ፣ እንጀራውን የሚበላበትን ነገር እንዴት ላጋልጥ? ይሉኝታ ያዘኝ። ገመናውን ልሸፍንለት ብዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን እጄን ሰደብኩ። እሱ ደግሞ ከኦርጋኑ ተሻግሮ ትከሻዬን እንደ ሕፃን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ያቺ እጅ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለች ይመስለኛል፤ ትቀፈኛለች።

በፍላሽ ማጫወቱ አይደለም የቀፈፈኝ። እነሱ ቤት ይኼ የተለመደ ነው ይላሉ፤ ጉንፋን ይይዛል፣ እጅ ይዝላል። ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ሸፍኑኝ» ቢለኝ ኖሮ ስቄ እሸፍነው ነበር። በማግስቱ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። በሳምንቱ መጣና ከእናትሽ ጋር ሲያወራ፣ ሲስቅ ቆይቶ ምሳውን በልቶ ሄደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔ ግን ጭራሽ የእሱ ሆድ ራሱ የማያውቅ መሰለኝ።

ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ሽማግሌዎቹ መጡ። ይኼን ሰምተሻል፤ የተባለውን ግን እናትሽ በሙሉ አልነገረችሽም። ሦስት ሆነው ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆሙ። ግቡ ብንል፣ ተቀመጡ ብንል የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አጎቱ አቶ ሀብተሥላሴ ዘር ቆጠሩ፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፣ አሳምረው ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው ምን አሉ መሰለሽ? «ልጃችን በዚያ ሰርግ ላይ በእርስዎ ዕቃ ምክንያት በሰው ፊት ቢያፍርም ቂም አልያዘም። እንደ አባት ይቅር ብሎዎታል።»

ይቅር ብሎኛል።

እናትሽ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔም ተነስቼ፣ እጅ ነስቼ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ጦቢያ፣ የገማ ሥጋ አጉርሰውኝ ዋጥ አድርግ የተባልኩ ያህል ነበር። እንደ ወጉ ዘመድ እንጠይቅ ብለን የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠናቸው። የፊታችን እሁድ፣ ሰኔ አሥራ ሦስት፣ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። «ይቅርታ ጠይቀው አባዬ፣ ለእኔ ስትል» አልሽ። ማታ ለእናትሽ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝና «ታዲያ ምን ይሁን? እኛ ቤት ጋዝ የሚሸከም እሱ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ። ዝም አይነቅዝም ገብሬ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተሸክሟል፣ ወስዷታልም። ክፉ ልጅ ነው አልልሽም። እኔም እወደው ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

እና ባለፈው ዓርብ ሄድኩልሽ። ከቂርቆስ ካዛንቺስ በእግሬ ወጣሁ። ቤቱ ቀን ሲያዩት እንዴት ያስጠላል! ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጧል፣ ወለሉ ጫማ ይይዛል፣ የአደረ ቢራና የሲጋራ ሽታ ከግድግዳው ይወጣል። ኢያቄም ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ያማስላል። ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ወንበር አውርዶ ጠርጎ አስቀመጠኝ። ከእጁ አይኔን መንቀል አልቻልኩም።

«ኢያቄም፣ በሰርጉ ዕለት ስለሆነው ነገር ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

የምሬን አልነበረም፤ በሩን ከፍቼለት ነው። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ነኝ እንጂ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ብትወጣው ተነስቼ ግንባሩን ልስመው፣ እሁድ ለሽማግሌዎቹ እሺ ልላቸው፣ ለአንቺም እስክሞት ላልነግርሽ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር የሄድኩት።

ማንኪያውን ልሶ አስቀመጠ። «ችግር የለውም ጋሼ፣ ያጋጥማል። ማለቴ፣ ዕቃው ራሱ አሮጌ ነው። በቃ፣ ለእኛ ሰርግ በማይክ ያድርጉት» አለኝ። ፊቱን ፈተሽኩት። ሐፍረት የለም፣ ፍርሃትም የለም። ዕቃው መበላሸቱን ከልቡ የሚያምን ሰው ፊት ነው። የእኔንም ሻይ እሱ ከፈለ።

ስመለስ መንገድ ላይ በእሱ ስናደድ ቆይቼ ቤቴ ስደርስ በራሴ ተናደድኩ። ያቺን ውሸት የፈጠራት እሱ አይደለም። እሱ ደክሟታል ብሎ ቀለደ፤ ብየዳው ላላ ብዬ ምስክርነት የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን የሰፈሩ ሰው ያምናታል፣ ሽማግሌ ይናገራታል፣ አንቺ ትቆጪባታለሽ። እኔ ያጎረስኩትን ነው ኢያቄም የዋጠው፣ ጣፍጦትም ቀረ።

ስለዚህ እሁድ ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ «ብየዳው አልላላም» ልላቸው አስቤአለሁ። ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም። ኢያቄም ኦርጋኑን አምጥቶ ፊታቸው ይጫወት፤ ቁልፉን ከተጫነ ምስሉ ይወጣል። ይኼን ሁሉ አውቀሽ እወደዋለሁ ካልሽ ደግሞ የአንቺ ጉዳይ ነው፤ እመርቃለሁ፣ ድንኳኑንም ራሴ እተክላለሁ። ሳታውቂ እንድትገቢ ግን አልፈልግም። ነገ አንቺ ላይ አንድ ነገር አጥፍቶ አንቺን ይቅርታ ሲያስጠይቅሽ ይታየኛል፤ አንቺም እንደ አባትሽ ትጠይቂዋለሽ።

ስልኬ እስከ ቅዳሜ ማታ ክፍት ነው። እስካሁን የጻፍኩት የጀግና ወሬ ይመስላል፣ አይደል? ደውለሽ «አባዬ፣ ለእኔ ስትል ዝም በል» ካልሽኝ ዝም እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። አቶ ሀብተሥላሴ ልጃችን ይቅር ብሎዎታል ሲሉኝ ተነስቼ፣ እጅ ነስቼ፣ እንደገና እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ከኢያቄምም ከፍላሹም ይልቅ የሚቀፈኝ ይኼ ነው። ልጄ፣ እባክሽ እንደዚያ አትበይኝ።

ቂርቆስ ከነእናቱ ይጠብቅሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ቃል ይሰውርሽ። ያስተማርሻቸው ልጆች ለቁም ነገር ደርሰው ያኩሩሽ።

አባትሽ
ገብረጻድቃን