አልሸሸግም

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለመምህር ወልዱ፤

እንደምን ከረሙ? ማይጨው ብርዱ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት?

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ለእህትሽ ለሉሊ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ የአንቺ ነገር ሳይወራ ሥራሽን ልቀቂና ነይ» ብለዋል። አባባ፣ አልመጣም።

የሆነውን ከእኔው ይስሙት። ከሐምሌ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ካዛንቺስ ቢሮ ተቀምጬ ታይፕ ሳደርግ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሆስፒታል ብሄድ ሐኪሙን የማገኘው ከሦስት ወር በኋላ ነው ተባልኩ። ሦስት ወር የምቆይ አልመሰለኝም። የሥራ ባልደረባዬ ወርቅዬ ናት «እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ የአእምሮ ነርስ አለች፤ ራሷ መርምራ መድኃኒት ታዛለች» ያለችኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ሰው እየሰማ «የእብዶቹን ክፍል ነው?» አለኝ። ልመለስ ነበር። ግን ወዴት? «አዎ፣ እሱን ነው! በየት በኩል ነው?» አልኩት ጮክ ብዬ። አሳየኝ።

ነርሷ ሲስተር ጀማነሽ ትባላለች። ጠበል እንደምሄድ ስነግራት «እሱንም አትተይ፣ ኪኒኑንም አትተይ» አለች። ቀጥላ «ሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወንበሯን አስጠጋች።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፣ ሥራዬም ላይ ነኝ። አለቃዬ ምን ሆነሽ ነበር ሲለኝ የበሽታውን ስም ጠርቼ ነገርኩት። ለሉሊም ደውዬ ነግሬያታለሁ። «በዚህ የሚሸሽ ባል ካለ አሁኑኑ ይሽሽ» አለችኝ። ስለዚህ በእሷ አያስፈራሩኝ።

አንድ ነገር ግን ይቅር ይበሉኝ። ሲስተር «ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?» ስትለኝ የለም ብዬ ዋሽቻት ነበር። ከማስተማር በቀሩበት በዚያ ዓመት፣ ነፍሷን ይማርና እማዬ «ራሱን አሞት ነው» እያለች በሩን ስትዘጋብን፣ እኔ በስንጥቁ እመለከትዎት ነበር። ወደ ግድግዳው ዞረው ትከሻዎ ይንቀጠቀጣል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ እውነቱን ነገርኳት። አልደነገጠችም። «አሁንስ እንዴት ናቸው?» አለች። «መጥተው ራሳቸው ይንገሩሽ» አልኳት።

ይምጡ አባባ። ለጎረቤት የሚሉትን እርስዎ ያውቃሉ፤ ለእኔ ሰፈር ግን «አባቴ ሊታከም መጣ» ነው የምለው። አልጋዎን አንጥፌያለሁ። የሲስተር ቀጠሮዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ አብረን እንገባለን።

አምላክ ለእኔ የመለሰልኝን እንቅልፍ ለእርስዎም ያድልልኝ።

ልጅዎ
መብርሂት