ይዝለል ያልኩት ጠመንጃ

ሚያዝያ 5

ተምሮቹን አጠጣሁ። የፍየሎቹን ውሃ ቀየርኩ። ነፋስ የለም። በጀህራ በኩል ሰማዩ ቢጫ ሆኗል... ነገ አቧራ ይመጣል።

የኩዌታዊው አሠሪዬ የባባ ልጅ የአየር ጠመንጃውን ከቆሻሻ ጋር ሊጥለው ሲል ደረስኩበት። "ተወው ሐጂ፣ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ጠማማ ነው" አለኝ። ተቀበልኩት። ጠማማ ሰው አይቻለሁ። ብረት ግን ይቃናል።

ሚያዝያ 6

አቧራ። ቀኑን ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ።

ካርቶን ላይ በከሰል ክብ ሠርቼ ከአሸዋ ከረጢት ፊት አቆምኩ። አንዱ ጥይት ቀኝ ሄደ። አንዱ ላይ። አንዱ ካርቶኑንም አላገኘው። በአንድ በኩል ብቻ የሚስት ጠመንጃ ልማዱ ታውቆ ይታረማል። ይኼ ግን በየት እንደሚስት ራሱም አያውቅም።

የሰደፉ ብሎኖች ላልተዋል። በካቻቢቴ አጠበቅኳቸው። ሁሉንም። ትንሽ ተሻለው... ወይስ እኔ እንዲሻለው ስለፈለግሁ ነው?

ሚያዝያ 9፣ ጁምዓ

ልጄ ሃጀር ከምትሠራበት ከፊንጣስ መጣች። ማዳሟ ጁምዓን አትከለክላትም፣ ይኼን አመሰግናታለሁ። ልብሴን አታጥቢ ስላት አጠበች። እንደ ሁልጊዜው።

"አባባ፣ ይኼ ደግሞ ምንድነው?"

"ጠመንጃ።"

"ማንን ልትመታበት?"

"ካርቶን።"

"ካርቶኑ ምን አደረገህ?"

በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። የእናቷ ሳቅ። ሰኪናም እንዲህ ነበረች፣ አላህ ይማራት። ሳቋን የሚሰርቅባት ያለ ይመስል ትሸፍነው ነበር።

ልትሄድ ስትል ከበሩ ላይ ቆመች። ውሃ በታንከር የሚያመላልሰው ሙዘሚል ሽማግሌ ሊልክ ነው አለች። ለዐረፋ ጠቅልሎ አገሩ ከሚሴ ይገባል። እሷም አብራው... "አንተ ከፈቀድህ ነው" አለች።

"ሰምቻለሁ" አልኩ።

ካልፈቀድኩ አትሄድም። አውቃታለሁ። እና ከፈቀድኩ? ጁምዓ ማን ይመጣል?

ሚያዝያ 12

አባቴ ምንሽሩን ዘይት ያጠጣው ነበር። "ጠመንጃ እንደ በሬ ነው፣ አጠጣው፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገህ ያዘው" ይል ነበር። እኔም ይኼን አጠጣሁት። በደንብ፣ ከውስጥ የብረት ሞላው እስካለበት ድረስ።

ተኮስኩ። ጮኸ! እንደ እውነተኛ ጠመንጃ። ከአፈሙዙ ሰማያዊ ጢስ ወጣ። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ጢሱ ቀስ እያለ ተንሳፈፈ፣ ሊበተንም አልቸኮለ። ከጢሱ ማዶ አባቴን ያየሁት መሰለኝ። ጋቢውን ደርቦ፣ ወረኢሉ ገደል አፋፍ ላይ፣ ጉም ውስጥ። ምንም አላለኝም። በሕይወቱም ብዙ አይናገርም ነበር።

ጥይቶቹ ከበፊቱ የባሰ ተበትነዋል። ምን አለበት? ጮኋል።

ሚያዝያ 13

ፈታሁት። ሞላው ተፈናጥሮ ዓይኔን እንዳያጠፋኝ በገመድ አስሬ። የውስጡ ጎማ ጠርዙ ላይ አሯል። ለካ የተቃጠለው ዘይቱ ነው።

የአባቴ ጠመንጃ ባሩድ ነበረው። ይኼ አየር ነው። ሞላው ሲለቀቅ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ጥይቱን። በመሃል ዘይት ምን ይሠራል? ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። የተቃጠለው ጎማ ነገረኝ።

ጠርጌ አደረቅሁት። ሞላው ላይ ብቻ ግራሶ ነካ ነካ አደረግሁ። የቱቦውን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ጥቁር እድፍ ወጣለት። ከጥይቶቹም ቂጣቸው የተጣመመውን ለይቼ ጣልኩ። አሁን ይመታል።

ሚያዝያ 14

አልመታም።

ሚያዝያ 16፣ ጁምዓ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሽማግሌ ከተባሉ... አንደኛው ጃዕፈር ነው፣ የባቃላው ባለሱቅ፤ ጢሙ ገና አልሸበተም። ሁለተኛው መርዕድ ሾፌሩ፣ ከጸሎት ቤቱ በቀጥታ፣ ክራባቱን እንዳሰረ፤ እዚህ አገር እነሱም የሚሰበሰቡት ጁምዓ ነው። ሙዘሚል ታንከሩን በር ላይ አቁሞ ውስጡ ተደብቋል።

"ለኒካሕ ጉዳይ ጴንጤ ይላካል?" አልኩ።

"አባባ፣ እስቲ እርስዎ ኩዌት ውስጥ ጁምዓ ሥራ የሌለው ሽማግሌ ፈልገው ያግኙ" አለ ጃዕፈር። "እኔም ባቃላውን ለህንዱ ትቼ ነው የመጣሁት።"

መርዕድ ቀጠለ። "እናቴ የደሴ ናቸው አባባ። የእኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲቀመጥ ሼኹም ቄሱም አንድ ላይ ነበር። እርስዎ ጋ ተለየ እንዴ?"

አልተለየም። ግን ጠመንጃዬን አነሳሁ።

እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ ቆመው ጠበቁ። ቁጭ በሉ አላልኳቸውም። ከቆማችሁ አይቀር ካርቶኑን እዩልኝ ብዬ ተኮስኩ። ጠመንጃውን አስቀመጥኩና ጃዕፈር ሄዶ አየ።

"ወደ ግራ ነው አባባ! ሁለት ጣት!" ተመለሰና ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ፣ ልጅዎን ሃጀርን ለልጃችን..."

እንደገና ተኮስኩ። መርዕድ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ፣ አጎነበሰ።

"አሸዋው ውስጥ ገብቷል!"

"ካርቶኑስ?"

"ካርቶኑ ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልነካውም!"

ከወጥ ቤት የሃጀር ሳቅ ተሰማ። ጃዕፈርም ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ አልሳቅሁም።

በደንቡ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። "እስክንመክርበት ሂዱና ተመለሱ" ነው የሚባለው። እኔ "ሂዱ" አልኩ።

"ሂዱና ተመለሱ ነው አባባ?"

"ሂዱ ነው።"

ሃጀር ስትወጣ ጫማዋን ብዙ ጊዜ ወስዳ አሰረች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ሚያዝያ 23፣ ጁምዓ

አልመጣችም። ማዳም እንግዳ አለባት አለች፣ በስልክ። ይሆናል።

ሚያዝያ 27

እንዴት ልጻፈው...

ከቀትር በኋላ ነው። ሙቀቱ ከብዷል፣ የውሃው ሞተር ከሩቅ ያንጎራጉራል። መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ ጠመንጃውን አሸዋው ላይ ባደረግሁት ግራ እጄ ላይ አስደግፌ፣ ጉንጬን ሰደፉ ላይ አሳርፌ አነጣጠርኩ። ዓይኔ ከበደ። ካርቶኑ ራቀ... ቤት ሆነ። የእኛ ቤት። ሰኪና ከበሩ ወጣች፣ ሃጀርን በጨርቅ ጠቅልላ። የተወለደች ሰሞን። "ያዛት፣ እንዳትነቃ" አለችኝ። መዳፌን ዘረጋሁላት። አስቀመጠቻት። ሕፃን እኮ አይጨበጥም... ከሥር ሆነህ ታስተኛዋለህ እንጂ።

ጣቴ ምላጩን ሳበ። መሳቡን አላወቅሁም። ጠመንጃው መዳፌ ላይ እንደ ግልገል ዘለለና ተመልሶ ተኛ።

ነቃሁ። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ ማንቀላፋት ነውር ነው፣ አይደገምም። ሄጄ ካርቶኑን አየሁ። ክቡ መሃል።

አጋጣሚ ነው አልኩ። እንደዚያው እጄን ከፍቼ ደገምኩ። ከመጀመሪያው ጎን፣ እየነካው። ደገምኩ። ቀዳዳው ሰፋ እንጂ ሌላ አልተጨመረም። ቀጥሎ አባቴ እንዳስተማረኝ ጭምቅ አድርጌ ይዤ ተኮስኩ። ሳተ።

ገባኝ። ሞላው ሲለቀቅ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ነው ጠመንጃው የሚዘለው። ስጨብጠው ይታገለኛል፣ በየጊዜው በየአቅጣጫው። ስተወው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይዘላል። ጠማማ አልነበረም።

ሚያዝያ 28

አባቴ ተሳስቶ አያውቅም። ከጠዋት እስከ ዙሁር እየጨበጥኩ ሞከርኩ።

አልሆነም።

ሚያዝያ 30፣ ጁምዓ

መጣች። አጠበች። አሰጣች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ፊቴ ቆመች።

"አባባ፣ እምቢ በይው ካልከኝ እለዋለሁ። ግን ምክንያቱን ንገረኝ። ሰካራም ነው? አይሰግድም? ዘሩ አስጠላህ?"

"የለውም።"

"ምኑ?"

"ምክንያት የለውም።"

"አንተ ያለ ምክንያት ዛፍ እንኳ ቆርጠህ አታውቅም።"

ተነስቼ ወደ ፍየሎቹ ሄድኩ። ምን ልበላት? ጁምዓ ጁምዓ በሩን የሚከፍት ሰው እንዳላጣ ነው ልበላት? ትልቅ ሰው እንዲህ ይላል? ከፍየሎቹ ጋር ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ልብሱ ገመዱ ላይ ነፋስ ሞልቶት ሰው መስሎ ይወዛወዛል። እሷ ሄዳለች።

ግንቦት 2

ውሃ የሚመጣበት ቀን። ሙዘሚል ራሱ አመጣው። ሰላም አለኝ፣ ቱቦውን ገንዳው ውስጥ ከተተ። ረጅም ነው። አንገቱ በፀሐይ ጠቁሯል። ከሩቅ ካርቶኑን አየው።

"ጠመንጃው ተቃና ወይ?"

"ስለ ጠመንጃው ማን ነገረህ?"

"መርዕድ። አሁንም ካርቶኑ ደህና ነው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል።"

ይኼ ልጅ አይፈራም። "ና ሞክር" አልኩት።

ጨበጠው። ጅማቱ እስኪገተር። ሳተ። ደገመ፣ ባሰበት።

"ጨብጠኸዋል" አልኩ።

"ካልጨበጥኩት አይወድቅም እንዴ?"

"አይወድቅም። መዳፍህን ክፈት። ይዝለል፣ ተወው።"

አመነታ። መዳፉን ከፈተ። ሲተነፍስ አየሁት... ተኮሰ። ሁለታችንም ሄደን አየን። መሃል።

ደስ አለኝ ብሎ አልጨፈረም። ጠመንጃውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። የገንዳው ውሃ ሞልቶ ሲፈስ ሰማን፣ ማንም አልሮጠም። ውሃው እስከ ተምሮቹ ሥር ሄደ፣ ሰማዩን ይዞ።

"አባባ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች ልላክ?" አለኝ በቀስታ።

"እነዚያኑ ላክ። ክራባት ያሰረውንም።"

ግንቦት 7፣ ጁምዓ

አስቀመጥኳቸው። ሻይ አቀረብኩ። መርዕድ "ዛሬ ተኩስ የለም?" አለ። የለም አልኩት።

ጃዕፈር ተነስቶ እንደ ደንቡ ጠየቀ። "ልጄ ናት። ሰጥቻለሁ" አልኩ። ሃጀር መጥታ ጉልበቴን ሳመች። እጄን ራሷ ላይ አደረግሁ። ማንሳት ነው የቸገረኝ።

ግንቦት 14፣ ጁምዓ

ኒካሑ እዚሁ፣ ተምሮቹ ሥር ታሰረ። ባባ በግ ላከ።

ግንቦት 16

ሄዱ። እስከ አውሮፕላን ማረፊያ አልሸኘሁም። ከሰዓት በኋላ ከእርሻው በላይ አንድ ከፍ ብሎ ሲያልፍ አየሁ። የእነሱ ይሁን የሌላ... የእነሱ ነው ብዬ ወሰንኩ። እስኪጠፋ አየሁት። ድምፁ የደረሰኝ እሱ ከጠፋ በኋላ ነው፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ግንቦት 21፣ ጁምዓ

ማንም አልመጣም። ልብሴን አጠብኩ።

ግንቦት 28፣ ጁምዓ

ጃዕፈር ባቃላውን ዘግቶ መጣ። ካርቶን አቁሙልኝ አለ። አሳየሁት። ይጨብጣል። ይማራል።

ሰኔ 12፣ ጁምዓ

ከስግደት ስመለስ ሃጀር ደወለች። ድምፅዋ ወፍሯል። ዝናብ ሳይጠነክር ሁለተኛዋን ክፍል እየመረግን ነው አለች።

"ለማን ነው ክፍሏ?"

"ለእንግዳ።"

"እንግዳው ማነው?"

ከኋላዋ ሙዘሚል ጮክ ብሎ "ንገሪያቸው እንጂ! እግሬ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቀረ እኮ!" ሲል ሰማሁ።

"አንተ ነሃ፣ አባባ" አለች። "ማን ሊሆን ኖሯል?"

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከዐሹራ በኋላ ያልቃል። ባባ እንደ ሁልጊዜው ሳይጠይቀኝ ሊያሳድስልኝ ነው። እኔም ሳልመልስለት ኖሬያለሁ። ነገ ጠዋት አናግረዋለሁ።

ለሃጀር ግን ይኼን አልነገርኳትም። "መስኮቱ የት በኩል ነው?" አልኳት።

"ገና አልወጣለትም።"

"በፀሐይ መውጫ በኩል አውጡት። ዝቅ አድርጉት፣ ተቀምጬ ውጭውን እንዳይ።"

ስልኩን ለሙዘሚል ሰጠችው። የመስኮቱን ቁመት በክንድ ነገርኩት። "ዝቅ ያለ መስኮት ዶሮ ያስገባል እኮ አባባ" አለ።

"ትግባ" አልኩት።