በሁዳዴ ያልጠጣሁት ውሃ

ካርቱም፣ ሚያዝያ ፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለነፍስ አባቴ፤ ሽንፋ።

ከተለየሁዎ ወዲህ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ቅዳሴ ያስቆምዎታል? የሽንፋ ሰውስ እንዴት ነው፣ ጣልያን እፎይ ብሎ ያሳድረዋል? እኔ ደኅና ነኝ አልልዎትም፤ ለነፍስ አባት ዋሽቶ የት ይገባል?

ሽንት የከለከለኝ ከፊኛዬ ሥር የበቀለ ነቀርሳ ነው ተባልሁ። መድኃኒቱ ራጅ የሚሉት የማይታይ እሳት ነው። ሲነካዎ አይሰማዎትም፤ ግን ዕጢውንም ደኅናውንም ገላ እኩል ይፈጃል። ስለዚህ እዚህ ኸዋጃ የሚሉት የፈረንጁ ሐኪም ጭንቀት ሁሉ ደኅናውን ማትረፍ ነበር። ሆዴና ጭኔ ላይ የእርሳስ ሰሌዳ ይደረድርብኛል። እኔ እርሳስ የማውቀው ጫካ ሳለን ለጥይት ስናቀልጠው ነው፤ ሰው ሲያድን ያየሁት እዚህ ነው።

አንጀቴን ግን እርሳስ አይከልለውም፤ ለዕጢው ቅርብ ነውና። እሱን የሚያድነው ውሃ ነው አለኝ። ጠዋት አንድ ትልቅ ጣሳ ውሃ እጠጣለሁ፣ ውሃው እንዳይወርድ የምሸናበት የላስቲክ ቧንቧ ይታሰራል፣ ፊኛዬ ሲነፋ አንጀቴን ከእሳቱ ገፍቶ ያርቀዋል። ባዶ ከሆነ አንጀቴ ወርዶ እሳቱ ላይ ይተኛል። ማሽኑ ሙቀት አይችልም፤ የሚሠራው ጠዋት ብቻ ነው።

ምን ያደርጋል፣ ሕክምናው የተጀመረው በሁዳዴ መግቢያ ነው። ቀኖናዬን ያውቁታል። ጫካ ሳለሁ ሁለት ሁዳዴ ሥጋ ስለ በላሁ፣ የዘንድሮውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ሳልቀምስ እንድጾም ነው ያዘዙኝ። ይፍቱኝ ብዬ በመጀመሪያው ቀን ጽፌ በነጋዴው በሽኩር እጅ ላክሁልዎ። መልስዎ እስኪመጣ ልጠብቅ አልሁ። አስታማሚዬ ኸሊል በየጠዋቱ ጣሳውን ይሰጠኛል፤ ዞር ሲል ከደጅ ካለው ዛፍ ሥር እደፋዋለሁ። ጠጣህ ወይ ሲለኝ አዎ እለዋለሁ። አንድ ቀን ስደፋ ደረሰብኝና በእኛም በረመዳን የታመመ ሰው ይጠጣል ብሎ ለመነኝ። አንተ በሃይማኖቴ ምን አገባህ ብዬ ተቆጣሁት፤ ለሐኪሙ እንዳይናገርም አስማልሁት። ወይ እኔ! ጾሜን ላለመግደፍ በየቀኑ ዋሸሁ፤ ታዲያ ምኑን ጾምሁት?

ሕክምናው መጋቢት ሃያ አምስት አለቀ። ደብዳቤዎ መጋቢት ሃያ ስምንት ደረሰኝ። የእኔው በደረሰዎ ዕለት፣ መጋቢት ሦስት፣ የጻፉት ነው፤ የታመመ ጾም የለበትም፣ ቀኖናህን አንስቼልሃለሁ፣ ጠጣ ይላል። ሽኩርን ጣልያን መተማ ኬላ ላይ ሦስት ሳምንት አግቶት ኖሯል። እርስዎም አልዘገዩ፣ እሱም አልዘገየ። ማንን ልርገም?

ዕጢው ተኮማትሯል አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል አንጀትህ ግን ተቃጥሏል፣ የምናደርግልህ የለም አሉ። ስድስት ቀኔ ነው፣ ደም ያስቀምጠኛል። የተቆጣሁት ኸሊል ነው የሚያጥበኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ነግሬህ ነበር አላለኝም። ፈራሁ አባቴ። ፍትሐቴን እዚያው ያድርሱልኝ፤ ሬሳዬን አትጠብቁ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሚስቴ የሻረግ ስንሰነባበት ይህ ቀኖና ባሌን ከገደለው የቄስ ደጅ አልረግጥም ብላ ነበር። ከእኔ በኋላ ከእርስዎ በቀር ማን አላት? ስለዚህ ለእርሷ የጻፍሁትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ፈቃድዎ ቶሎ ደረሰልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ጠጣሁ፣ ነቀርሳው ግን በረታ ይላል። የውሸቱን ኃጢአት በእኔ ላይ ይቁጠሩት። ፊደል የሚያውቅ ሌላ ሰው በአጠገቧ የለም፤ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት። እባክዎ፣ ስለ ውሃው ከሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፅዎ እንዳይሰበር።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እኔንም ካሉበት ሆነው ይፍቱኝ።

የንስሐ ልጅዎ