የእኔ ነው ያልኩት ቂጣህ

ዘሌ የኔ ጌታ፣

ይህን ደብዳቤ ዓምዴን የሚከታተሉት ሁሉ ስለሚያነቡት፣ መጀመሪያ የማፍርበትን ነገር ላውጣው። ከእኔ ሳይሆን ከጎረቤት ቢሰሙት ይብሳል። ባለፈው ሐሙስ የጋገርኩትን ቂጣ ሰው እንዳያይብኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከጓሮ ወጣሁና ለጎረቤት ውሻ ወረወርኩለት። ውሻው አሸተተው፣ በእግሩ ገለበጠው፣ እኔን ቀና ብሎ አየኝና ጥሎት ሄደ። የአንተን ቂጣ ልጋግር ብዬ ነው እንዲህ የተዋረድኩት።

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ልጃችን ሜሮን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ በየሁለት ቀኑ እየደወለች «እማ፣ በልተሻል?» ትለኛለች። ስንቱን ክረምት ያጨቃጨቀን አሸንዳ ተጠገነ። ከጓሮ ትልቁን እንሰት ቆረጥነው፤ የሰፈሩ ሴቶች መጥተው ፍቀውልኛል። የጓዳው መጋረጃ ግን እንደተሰቀለ ነው፤ የምጽፍልህም በእሱ የተነሳ ነው።

አውሮፓ ብለህ ወጥተህ፣ ባሕሩን ሳትሻገር ሊቢያ ላይ ቀርተህ፣ ሦስት ዓመት አንዲት አልጄሪያዊት አሮጊት ቤት አገልግለህ ተመለስክ። ሌላው ከዚያ ሲመጣ ወርቅ ወይ ስልክ ይዞ ይመጣል። አንተ ይዘህ የመጣኸው ቂጣ መጋገር ነበር። «ኪስራ» ትለዋለህ። በተጋባን በሳምንቱ ሸካራውን የስንዴ ዱቄት በዘይት በመዳፍህ ስታሸው፣ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ ስታደርግበት፣ ሊጡን እንደተኛ ሕፃን በጨርቅ ሸፍነህ ስታሳርፈው ከበር ላይ ቆሜ አየሁህ። ከዚያ ዳምጠህ፣ በሹካ ወጋግተህ፣ ደረቅ መጥበሻ ላይ ጣልከው። ስቀምሰው አፌ ውስጥ ፍርክስ አለ። እኔ ግን ያን ቀን «ጣፈጠ» ከማለቴ በፊት ያደረግሁት ነገር መጋረጃ መግዛት ነው።

ፈራሁ ዘሌ። ወንድ ልጅ ሊጥ ሲያቦካ በሰፈራችን ቢታይ «አስነክታው ነው፣ ጓዳ ያስገባችው» እንደሚሉኝ ታውቃለህ። ቂጣውን መሥሪያ ቤት ይዤ ስሄድ «ማን ጋገረው?» አሉኝ፤ «እኔ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ወሰድኩ፣ ለአራስ ጥየቃ ወሰድኩ፣ ለሐዘን ቤት ወሰድኩ። «እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ አሜን እላለሁ። አንተ ደግሞ ማታ «ዛሬስ እጅሽን ባረኩልሽ?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ቡናው ሲደርስ ሬኮ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለሥራ ትሄዳለህ፤ የቀሩትን ወራት ቤት ነህ። ሰው የሚያየው እኔ በጠዋት ቢሮ ስሮጥ አንተ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ማን ያያል? አንድ ቀን ሜሮን፣ ያኔ አራት ዓመቷ ነው፣ በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ ዘነበች ቤት ሄዳ አባቷ ምን እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቋት «ኪስራ» አለቻቸው። እትዬ «ኪሳራ?» አሉና እስኪያነቡ ሳቁ። «ይቺ ልጅ አልዋሸችም፤ እውነትም ኪሳራ!» እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ኪስራ የቂጣ ስም ነው ማለት ስችል አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ጋሽ ኪሳራ ሆንክ። ሲጠሩህ «አቤት» ትላለህ። እኔ ቀልድ የወደድክ መስሎኝ ነበር፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ይሆናል።

ባለቀስንልህ በሦስተኛው ቀን አንድ የዕድር ሽማግሌ እጄን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ ስትሸከሚው ኖረሻል፤ እንግዲህ ትንሽ ታርፊያለሽ» አሉኝ። ለማጽናናት ነው። አንገቴን ነቀነቅሁላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ መነቅነቅ የማፍርበት ነገር የለኝም።

አሁን ደግሞ የሴቶች ኅብረቱ ቅዳሜ ለወጣቶቹ የቂጣ ሙያዬን እንዳሳይ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ፣ አፌ ለምዶ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱም ጫማ ሶል ሆነ። ከሦስተኛው በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ታመህ በተኛህበት «ወፍጮ ቤት ስትሄጂ እንዳያልመው ንገሪው፣ ሸካራ ይሁን» ብለኸኝ ነበር። እኔ ስልኬን እያየሁ «እሺ እሺ» አልኩህ። ስንዴው ልም ሆኖ ነው የተፈጨው። በደህናህ ጊዜም «ነይ፣ እጅሽን አስገቢ» ስትለኝ ደክሞኛል ነበር መልሴ። ሌላ ምን ብለኸኝ ይሆን ያልሰማሁት?

ትናንት አልቻልኩም፣ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ሁሉንም አወጣሁት፤ መጋረጃውን፣ የአራሷን ቤት፣ ኪስራን። ቢላዋውን አስቀመጡ። «እኔ ባሌ ሲሞት ሳምንት ሙሉ የበላሁት ያ ቂጣ የእሱ ነው?» አሉ። የእሱ ነው አልኩ። «እና እኔ እሱን ነው ኪሳራ ስል የኖርኩት?» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቀጥለው የእትዬነታቸውን አልተዉም፦ «ስሚ አንቺ ልጅ፤ ቅዳሜ አንቺ ካልተናገርሽ እኔ ተነስቼ እናገራለሁ። እኔ ስናገር ደግሞ አላሳምርልሽም።»

አይቀድሙኝም። ዱቄቱን ሳልነካ፣ እጄን ሳልታጠብ ተነስቼ እናገራለሁ፤ ዘለቀ ጋገረ፣ እኔ ተመረቅሁ። እኚያ ሽማግሌም ሚስታቸው በኅብረቱ ውስጥ ስላሉ ለምሳ ቤታቸው ሳይደርሱ ይሰሙታል። ከዚያ በኋላ ቂጣው ጫማ ሶል ቢሆንም ይሁን፤ በእኔ ስም መጥፎ ይሁን እንጂ የአንተው በስምህ ይጠራ። እኔ በሕይወት እስካለሁ «ማን ጋገረው?» ላለኝ ሁሉ የምመልሰው አንተን ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳቀረቀረ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረብኝ አንድም ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ።

ሚስትህ