ለራሱ ስለሚመሰክረው ፕሪንተር

መካነ ሰላም፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አስናቀው
የጋራ ኅትመትና መረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላም በእርስዎና በመላ ቤተሰብዎ ላይ ይሁን እያልኩ ጤናዎና እንቅልፍዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ ከእንቅልፉ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔ ከማሉዲን እባላለሁ፤ በዚህችው ከተማ ከመስጊዱ ጎን ቁርኣን አስቀራለሁ። እርስዎ የሚያውቁኝ ግን በመሥሪያ ቤትዎ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና በምታገለግለው በልጄ በባሲማ ይመስለኛል፤ ከጥር ወር ወዲህ የት እንዳለች በማላውቃት ልጄ።

አንደኛ፦ ስለ ፕሪንተሩ እናመሰግናለን። በዚያ ኮረኮንች መንገድ በጭነት መኪና ሲንገጫገጭ መጥቶ በግቢያችሁ ካሉት አምስት ጽሕፈት ቤቶች ጋር በገመድ የተያያዘው ትልቅ ማሽን፣ ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነውና፣ አምስቱንም በአንድ አደራጅቷቸዋል። ባሲማ የተመደበችው ለዚሁ ማሽን ነበር። ሥራዋን እንድታስረዳኝ ስጠይቃት፣ ማሽኑ ሰርተፍኬት የሚባል መታወቂያ በውስጡ እንዳለው፣ የሚፈርምለትም ከበላይ ያለ ክፍል እንደሆነ፣ ጊዜው ሳያልፍ የምታሳድሰው እሷ እንደሆነች፣ ኮምፒውተሮቹም ወረቀት ከመላካቸው በፊት ይህንን መታወቂያ አይተው በገመዱ ጫፍ ያለው በእርግጥ ፕሪንተሩ መሆኑን እንደሚያረጋግጡ ነገረችኝ። ነገሩ ቶሎ ገባኝ። በእኛም ዘንድ ለማስተማር ኢጃዛ ያስፈልጋል፤ ኢጃዛውን የሚሰጠው ያስቀራው ሸህ ነው፤ ያም ሸህ ከራሱ ሸህ የተቀበለው ነው። ለራሱ ኢጃዛ ጽፎ የሚመጣ ሰው ቢገኝ ተማሪ ደረሶቹ እንኳ ይስቁበታል።

ሁለተኛ፦ በጥቅምት ወር በኮምፒውተሮቹ ሁሉ ላይ የዚህ ማሽን ማንነት ሊረጋገጥ አልቻለም፣ ይቀጥሉ ወይ የሚል ማስጠንቀቂያ መውጣት ጀመረ። ሌላ ኃላፊ ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እርስዎ ግን በየቢሮው በር ላይ «እሺ የሚለውን ተጫኑ» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ፤ ሠራተኛውም እሺ ማለት ለምዷልና ሳያንገራግር ተጫነ። ባሲማ ስታጣራ ሰርተፍኬቱ እሷ ያስገባችው ሆኖ አልተገኘም፤ ባለቤቱም ፈራሚውም አንድ ነበር። ከቢሮዎ ቀጥሎ ባለው፣ ቁልፉ ከእርስዎ እጅ በማይወጣው ክፍል የተቀመጠ ሌላ ማሽን ፕሪንተሩ እኔ ነኝ እያለ የሁሉንም ወረቀት ቀድሞ ይቀበላል፤ ቅጂውን ያስቀርና ወደ እውነተኛው ያሳልፋል። ለራሱ ኢጃዛ የጻፈ ሸህ ተገኘ ማለት ነው፤ የሳቀበት ግን የለም።

ሦስተኛ፦ ስለ አገልግሎታችሁ ፍጥነት። የግብርና ባለሙያው አቶ ቸኮል ስለ መሬት ድልድል የቅሬታ ማመልከቻ አትመው ቤታቸው ሲደርሱ ልጆቻቸውን አሰቡና ቀደዱት። በማግስቱ ተጠርተው ምላሹ ተነበበላቸው። ከትምህርት ክፍሉ ወይዘሮ የሻለም ደግሞ የታሰሩ መምህራን ጉዳይ እንዲታይ የሚጠይቅ ጽሑፍ አትመው፣ ገና ለማንም ሳያሳዩ፣ ይፈርማሉ ብለው ስማቸውን በግርጌው የጻፏቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ተመከሩ። ያልቀረበለትን ማመልከቻ የሚመልስ መሥሪያ ቤት በመልካም አስተዳደር ረገድ አቻ የሚገኝለት አይመስለኝም። አሁን በግቢያችሁ ሰው ማተም ትቶ በጆሮ መንሾካሾክ ጀምሯል ይባላል፤ ይህንንም በሪፖርታችሁ በቁጠባ ሳታስመዘግቡት አልቀራችሁም።

አራተኛ፦ ባሲማ ያገኘችውን በአክብሮት አቅርባልዎት ነበር። እርስዎም አመስግነው የማይመለከትሽን አትነካኪ አሏት። ቤት መጥታ ስትነግረን እናቷ ፈርሂያ «ተይ ልጄ፣ አንቺም እሺ ብለሽ እደሪ» ብላ ለመነቻት። ልጄ ግን የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልመሰክርም አለች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝና ጥያቄ ካላችሁ ወደኔ ብትመጡ ይቀላል። በማግስቱ ወደ ተቆለፈው ክፍል የሚሄደውን ገመድ ነቀለች፤ ኮምፒውተሮቹም የተፈረመበትን ሰርተፍኬት አገኙና ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ለአጭር ማብራሪያ እንፈልግሻለን ብለው ወሰዷት። ማብራሪያው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ስንጠይቅ በመጀመሪያ ልጃችሁ መሆኗን አረጋግጡ ተባልን። መታወቂያዋንና የትምህርት ማስረጃዋን ይዘን ሄድን፤ ጎረቤቶቻችን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አብረውን ቆመው መሰከሩ። ሊረጋገጥ አልቻለም ተባልን። ክቡር ሆይ፣ ማንም ያልመሰከረለትን ማሽን በአንዲት ማስታወቂያ ግቢው ሁሉ እንዲያምነው አድርገዋል፤ ሰፈር ሙሉ ለመሰከረላት ልጅ ግን እሺ የሚል አንድ ሰው አጣን። ተቆጥቻለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ያለችበትን ይንገሩን። ጥፋት ካለባት በሰው ፊት ትጠየቅ፤ እኔም ከኋላዋ ቆሜ እሰማለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ በመስጊዱ ደጅና በገበያው መግቢያ የምለጥፈው ማሽንዎን ንቄ አይደለም። ከሁሉ ቀድመው የማንበብ ልማድዎን ስላጓደልኩብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ለዛሬ ከገበያተኛው እኩል ያነቡታል።

የሥልጣን ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ጆሮዎ እንዳይደክም፣ የዚያ ክፍል ቁልፍም ከኪስዎ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ቁልፍ ሳያስፈልገው ሁሉን የሚያይ ጌታ መኖሩን ከታላቅ አክብሮት ጋር አስታውሼ እሰናበታለሁ።

ከማሉዲን፣ የባሲማ አባት

ግልባጭ፦ ቅጂ ማስቀረቱን እንደ ልማዱ ለእርስዎ ትቻለሁ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፈርሂያ በየቀኑ ምሳ ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ትሄዳለች። ዘበኛው እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ የለችም ይላታል፤ ሳህኑን ግን ይቀበላታል፤ ሳህኑም ባዶውን ይመለሳል። ልጃችን በሕይወት መኖሯን ያወቅነው በዚህ ብቻ ነበርና ለዚህም ላመሰግንዎ አስቤ ነበር። ደብዳቤውን ፈርሜ ሳበቃ ፈርሂያ ተመለሰች። የዛሬው ምሳ አልተነካም። ዘበኛው እንደ ወትሮው የለችም ብሏታል። ዛሬ አመነችው።